ውኃን ለነገ ማጠራቀም፦ ከመቆፈር በፊት መቁጠር

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ይህን ተረት የማያውቅ ገበሬ የለም። በአገራችን ማደሪያ የሌለው ውኃ ግን ዓባይ ብቻ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ በየሰፈሩ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ ማደሪያ የለውም። አፈራችንን ተሸክሞ፣ እያጓራ፣ ቁልቁል ይሄዳል። የካቲት ሲገባ ደግሞ በዚያው ሰፈር አንድ ጀሪካን ውኃ ለመቅዳት ሴቶችና ልጆች ግማሽ ቀን ይጓዛሉ። ከብቱም ውኃ ፍለጋ ሲወጣና ሲወርድ ሥጋው ያልቃል፤ ላሚቱ ትነጥፋለች።

ታዲያ የጎደለን ዝናብ ነው ወይስ የዝናቡ ማደሪያ? በብዙ ቦታ የጎደለው ማደሪያው ነው። ስለዚህ ኩሬ ይቆፈራል፣ ግድብ ይገደባል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ሳይቆጠር የተቆፈረ ኩሬ፣ ሳይመከርበት የተሠራ ግድብ ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል። በየአካባቢው ተቆፍረው ውኃ ያልያዙ ጉድጓዶች አሉ። ውኃ ይዘው በጥቂት ዓመት በአፈር የተሞሉም አሉ።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ ማጠራቀሚያ ከመሠራቱ በፊት ምን ምን ይቆጠራል? ሁለተኛ፣ ለዛሬ ሰው ብቻ ሳይሆን ከ20 ዓመት በኋላ ለሚኖረውም እንዲበቃ እንዴት ይታቀዳል? ሦስተኛ፣ መሬቱን ውኃ የሚውጥበት ሰው ምን ይሆናል? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ማባዛትና መደመር የሚያውቅ ሰው ይሠራዋል።

1. የውኃ ጎተራ

የውኃ ማጠራቀሚያ ማለት የውኃ ጎተራ ማለት ነው። ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ የሰበሰበውን እህል በጎተራ ያስቀምጣል። ለምን ቢሉ፣ ክረምቱን እስከሚቀጥለው አዝመራ ሊሻገርበት ነው። ውኃም እንዲሁ ነው። በክረምት የተትረፈረፈውን ይዞ ለበጋ ማቆየት ነው።

ይህ ጥበብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአክሱም ማይ ሹም የሚባለው ከዐለት የተፈለፈለ የውኃ ማጠራቀሚያ ከጥንት ጀምሮ አለ። የኮንሶ ሰዎች ሀርዳ የሚሉትን ኩሬ በድንጋይ ገንብተው የዝናብ ውኃ ይይዛሉ። በሶማሌ ክልል ብርካ የሚባል በሲሚንቶ የተለሰነ የመሬት ውስጥ ጋን አለ። ቦረናዎች ደግሞ ኤላ የሚሉትን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ውኃውን በሰንሰለት ተቀባብለው ያወጣሉ።

ጎተራ ትንሽም ትልቅም እንዳለ ሁሉ ማጠራቀሚያም በየደረጃው ነው። የአንድ ቤተሰብ ኩሬ አለ። የአንድ ቀበሌ ኩሬ አለ። ብዙ ቀበሌ የሚጠቀምበት ግድብ አለ። ለምሳሌ በጎጃም፣ በመርዓዊ ከተማ አጠገብ የተሠራው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ውኃ ይይዛል። የታቀደውም 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ ለማልማት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በዓባይ ላይ ተሠርቶ በ2017 ዓ.ም. በጳጉሜን የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ነው። እሱ 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ዋና ሥራውም ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነው።

ትንሽም ይሁን ትልቅ የሁሉም ሒሳብ አንድ ዓይነት ነው። ስንት ይገባል? ስንት ይወጣል? ስንት ይባክናል?

2. መለኪያውን እንወቅ

እህል በቁናና በኩንታል ይለካል። ውኃ በሊትርና በኪዩቢክ ሜትር ይለካል። አንዱ ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ቁመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ይባላል። በውስጡ 1,000 ሊትር ይገባል። ይህም 50 ጀሪካን ማለት ነው።

ዝናብ በሚሊ ሜትር ይለካል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ቢዘንብ 10 ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ነው። ይህ 500 ጀሪካን ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ዶፍ ሲጥል በአንድ ማሳ ላይ የሚወርደው ውኃ ከምናስበው በላይ ብዙ ነው።

3. ስንት ያስፈልገናል?

አንድ ቀበሌ እናስብ። 200 አባወራ አለበት እንበል። በየቤቱ አምስት አምስት ሰው ቢኖር 1,000 ሰው ይሆናል። ለገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር ይበቃዋል ተብሎ በአገራችን ዕቅድ ተይዟል። ይህ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ነው። በቀበሌው 800 የቀንድ ከብትና 1,000 በግና ፍየል አለ እንበል። ለአንድ የቀንድ ከብት በቀን 30 ሊትር፣ ለአንድ በግ ወይም ፍየል 5 ሊትር እንያዝ። እንግዲህ የአንድ ቀን ፍጆታ እንዲህ ይሆናል፦

ለሰው፦ 1,000 ሲባዛ በ25 ሊትር፣ 25 ኪዩቢክ ሜትር
ለቀንድ ከብት፦ 800 ሲባዛ በ30 ሊትር፣ 24 ኪዩቢክ ሜትር
ለበግና ለፍየል፦ 1,000 ሲባዛ በ5 ሊትር፣ 5 ኪዩቢክ ሜትር
ድምር፦ በቀን 54 ኪዩቢክ ሜትር

በጋው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር ነው፤ 240 ቀን ማለት ነው። 54 ሲባዛ በ240፣ 12,960 ይመጣል። በአጭሩ ወደ 13,000 ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ያስፈልጋል።

«እንግዲያው 13,000 የሚይዝ ኩሬ እንቆፍር» የሚል ይኖራል። ብዙ ኩሬ የከሸፈው እዚህ ላይ ነው። ጎተራ ውስጥ የገባ እህል ሁሉ ለሰው አይደርስም። ነቀዝ አለ፣ አይጥ አለ። የውኃ ጎተራም የራሱ ሌቦች አሉት።

4. ሦስቱ ሌቦች

የመጀመሪያው ሌባ ፀሐይ ነው። ፀሐይና ነፋስ ከኩሬ ላይ ውኃ አትንነው ይወስዳሉ። በደጋና በወይና ደጋ ከአንድ ኩሬ ላይ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ጥልቀት ያለው ውኃ ሊተን ይችላል። በቆላ ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ኩሬ ለፀሐይ የተሰጣ እህል ነው። ጠበብና ጠለቅ ያለ ኩሬ ይሻላል። በነፋስ በኩል ዛፍ ቢተከልም ይረዳል። ባሕር ዛፍ ግን ውኃ ስለሚጠጣ ከኩሬ ዳር አይተከልም።

ሁለተኛው ሌባ ስርገት ነው። ውኃው በኩሬው ወለልና ጎን ወደ መሬት ይሰርጋል። አሸዋማና ስንጥቅ ያለበት ቦታ ውኃ አይዝም። በትግራይ ከ1987 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአሥር ዓመት 500 ግድብ ለመሥራት ታቅዶ ነበር። የተሠሩት ግን ከዕቅዱ እጅግ ያነሱ ናቸው። ከተሠሩትም አንዳንዶቹ ውኃው ከሥር እየሰረገ፣ አንዳንዶቹም የሚገባው ጎርፍ አንሶ እንደታሰበው አልሞሉም። ከዚህ የምንማረው ከመቆፈር በፊት አፈሩ መታየት እንዳለበት ነው። ቀላል መፈተኛ አለ። በቦታው አንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ መሙላትና በማግሥቱ ስንት እንደወረደ ማየት ነው። ቶሎ ከጠፋ ቦታውን መለወጥ፣ ወይም ወለሉን በሸክላ አፈር ጠቅጥቆ መለሰን፣ ወይም ውኃ የማያስገባ ፕላስቲክ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ለትልቅ ግድብ ግን የሥነ ምድር ባለሙያ መሬቱን ሳያይ ሥራ አይጀመርም።

የሰረገ ውኃ ሁሉ ጠፍቷል ማለት ደግሞ አይደለም። ከኩሬው በታች ምንጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ የጉድጓድ ውኃም ይጨምራል። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ በሚባለው ቀበሌ ሕዝቡ በተራራው ላይ እርከን ሠራ፣ መሬት ከለለ፣ ኩሬ ቆፈረ። የመሬት ውስጥ ውኃው ከፍ ስላለ ገበሬዎች በማሳቸው ጉድጓድ ቆፍረው አትክልት አለሙ። በዚህም ሥራ ቀበሌው በ2004 ዓ.ም. የኢኳተር ሽልማት የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ።

ሦስተኛው ሌባ ደለል ነው። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ምክንያቱም ፀሐይና ስርገት ውኃውን ብቻ ይወስዳሉ፤ ደለል ግን ጎተራውን ራሱን ይወስዳል። ከተራቆተ ተራራ የሚመጣ ጎርፍ አፈር ተሸክሞ ይገባል። ኩሬው ውስጥ ሲደርስ ይረጋል፤ አፈሩ ከታች ይተኛል። በየዓመቱ እንዲህ እያለ ኩሬው ማሳ ይሆናል።

በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአንድ ቢሊዮን ተኩል ኪዩቢክ ሜትር በላይ ይይዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ መቶ ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር የሚሆነውን የውኃ ቦታ ደለል ወስዶበታል። ለጎንደር ከተማ መጠጥ የተሠራው የአንገረብ ግድብም ከዙሪያው ተራራ በሚወርድ ደለል ተጎድቷል። በገንዘብና በሲሚንቶ የተሠራ ትልቅ ግድብ እንዲህ ከሆነ፣ በአካፋና በዶማ የተቆፈረ የቀበሌ ኩሬማ እንዴት ይሆናል?

ስለዚህ የኩሬ ሥራ ከኩሬው አይጀምርም። ከበላዩ ካለው ተራራ ይጀምራል። መጀመሪያ እርከን ይሠራል። በቦረቦሩ የድንጋይ ክትር ይደረጋል። በጣም የተጎዳው ገደል ከከብት ይከለላል። ቀጥሎ ጎርፉ ወደ ኩሬው በሚገባበት በር ላይ ትንሽ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል። አፈሩ እዚያ ይቀራል፤ ውኃው ያልፋል። የቀረውንም አፈር በየዓመቱ በበጋ አውጥቶ ማሳ ላይ መበተን ይቻላል፤ ለም አፈር ነውና።

5. ለሚመጡት ልጆች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ኩሬ የሚሠራው ለአንድ በጋ አይደለም። ቢያንስ ለ20 ዓመት ነው። በ20 ዓመት ውስጥ ግን ሰው ይጨምራል። ዛሬ በጀርባ የታዘለው ሕፃን ጎጆ ይወጣል፣ የራሱን ልጆች ይወልዳል። የሕዝቡ ቁጥር በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ተኩል ቢጨምር፣ 1,000 የነበረው ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ወደ 1,640 ይደርሳል። በ28 ዓመት ያህል እጥፍ ይሆናል።

ከተሞች ይህን አይተውታል። አዲስ አበባ መጀመሪያ የገፈርሳ ግድብ ነበራት። ከተማዋ ስታድግ አልበቃትም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የለገዳዲ ግድብ ተጨመረ። ያም አልበቃ ብሎ የድሬ ግድብና የአቃቂ የጉድጓድ ውኃ ተጨመሩ። ይህም ሁሉ ሆኖ በብዙ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። የሰው ቁጥር ከማጠራቀሚያው ቀድሞ ሲሄድ የሚሆነው ይህ ነው።

እንግዲህ የቀበሌያችንን ኩሬ እንደገና እናስላ። ከ20 ዓመት በኋላ 1,640 ሰው በቀን 41 ኪዩቢክ ሜትር ይፈልጋል። የከብቱ ቁጥር ሳይጨምር እንዳለ ይቆይ እንበል፤ 29 ነው። ድምሩ በቀን 70 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። ለ240 ቀን 16,800 ነው። የኩሬው የላይ ስፋት 8,000 ካሬ ሜትር ቢሆንና በበጋው አንድ ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢተን፣ ፀሐይ 9,600 ኪዩቢክ ሜትር ትወስዳለች። ለስርገት 2,000 እንያዝ። ኩሬው 50 ሄክታር ከሚሆን ተዳፋት ጎርፍ ቢቀበልና በየዓመቱ 400 ኪዩቢክ ሜትር ደለል ቢገባ፣ በ20 ዓመት 8,000 ይሆናል።

ለሰውና ለከብት፦ 16,800
ለፀሐይ፦ 9,600
ለስርገት፦ 2,000
ለደለል፦ 8,000
ድምር፦ 36,400 ኪዩቢክ ሜትር

አያችሁ? መጀመሪያ 13,000 ይበቃል ያልነው አሁን ከ36,000 በላይ ሆነ። ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። ብዙ ኩሬ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት በመጋቢት የሚደርቀው ለዚህ ነው። ሰነፍ ሰው ስለቆፈረው አይደለም። ሳይቆጠር ስለተቆፈረ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ሌላም ነገር ይታያል። እርከን ሠርተን ደለሉን በግማሽ ብንቀንስ 4,000 ኪዩቢክ ሜትር ከመቆፈር እንድናለን። የእርከን ሥራ የኩሬ ሥራ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

6. ውኃው ከየት ይመጣል?

ጎተራ ትልቅ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሚሞላው እህል መኖር አለበት። ጎርፉ ወደ ኩሬው የሚወርድበት መሬት ሁሉ ተፋሰስ ይባላል። የእኛ ተፋሰስ 50 ሄክታር ነው ብለናል። በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በላዩ የሚወርደው 400,000 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ነገር ግን ብዙው ወደ መሬት ይገባል፣ ሣሩና ዛፉ ይጠጣዋል፣ ይተናል። ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ኩሬው ቢደርስ 40,000 ነው። ስለዚህ ኩሬው ይሞላል።

ዝናቡ ሲከፋስ? 500 ሚሊ ሜትር ብቻ የዘነበበት ዓመት ቢመጣ በዚሁ ሒሳብ የሚገባው 25,000 ነው። ኩሬው አይሞላም። ውኃ የሚታቀደው ደግሞ ለደጉ ዘመን አይደለም፤ ለክፉው ዘመን ነው። በደጉ ዘመን ማንም ይጠጣል። ስለዚህ ወይ ከሌላ ተዳፋት ቦይ ቀዶ ጎርፍ መጨመር፣ ወይ በሌላ ቦታ ሁለተኛ ኩሬ መሥራት ያስፈልጋል። በቆርቆሮ ቤት ያለ ሰው ደግሞ የጣሪያውን ውኃ በጋን ቢይዝ ከኩሬው ላይ ሸክም ይቀንሳል። የሚደርቅ አሸዋማ ወንዝ ያለበት አገር ሌላ ዘዴ አለ። በወንዙ ላይ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ ይሠራል። አሸዋ ከኋላው ይሞላል፤ ውኃው በአሸዋው ውስጥ ይቀመጣል። ፀሐይ አታገኘውም። በኬንያ በማቻኮስና በኪቱይ ብዙ ሕዝብ በዚህ ይጠቀማል።

አንድ ቀበሌ ብቻውን የማይጨርሰው ነገርም አለ። ላይኛው ቀበሌ ጎርፉን ሁሉ ቢይዝ የታችኛው ቀበሌ ወንዝ ይጎድላል። ስለዚህ ዕቅዱ በተፋሰስ መሆን አለበት። የላይኛውም የታችኛውም ሰው በአንድ ላይ ተቀምጦ መምከር አለበት።

ሳይመከር ቢቀር ምን ይሆናል? የሐረማያን ሐይቅ እንመልከት። ሐረማያ የሐረር ከተማን ሕዝብ ያጠጣ ነበር። በዙሪያውም ገበሬው ጫትና አትክልት ያለማበት ነበር። ከተማው በሞተር ሳበ፣ ገበሬውም በሞተር ሳበ፣ ደለሉም ከተራራው ወረደ። ከሐይቁ ስንት እንደሚገባና ስንት እንደሚወጣ በአንድነት የሚቆጣጠር አልነበረም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። ለሐረር ውኃ ከድሬዳዋ በኩል በረጅም ቧንቧ ተሳበ። በቅርብ ዓመታት በሐይቁ ቦታ ውኃ ተመልሶ ታይቷል፤ ይህ ደስ ይላል። ነገር ግን አጠቃቀሙ ካልተቆጠረ የመጣው ውኃ ተመልሶ ይሄዳል።

7. ውኃው የማን ነው? መሬቱስ?

ኩሬው ሲሞላ ጠብ ይመጣል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። አንዱ «ከብቴ ይጠጣ» ይላል። ሌላው «ሽንኩርቴን ላጠጣ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሒሳቡን ግን ተመልከቱ። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በበጋ በመስኖ ለማልማት በቦይ የሚባክነውን ጨምሮ 6,000 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ውኃ ሊፈልግ ይችላል። 1,000 ሰው በስምንት ወር የሚፈልገው ስንት ነበር? 25 ሲባዛ በ240፣ 6,000 ነው። አንድ ሄክታር ሽንኩርትና የአንድ ቀበሌ ሕዝብ እኩል ይጠጣሉ ማለት ነው። ስለዚህ የመጠጥ ኩሬ ለመስኖ አይበቃም። መስኖ የሚፈልግ ቀበሌ ለመስኖ የሚሆን ሌላ ማጠራቀሚያ ማቀድ አለበት።

ሕጉም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከማንኛውም አገልግሎት በፊት ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚሆን ውኃ ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዝዛል። ለመስኖ ደግሞ ገበሬዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ተደንግጓል። ሕጉ ሳይወጣም ሕዝቡ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በአማራው አገር የውኃ አባት ተራ ያወጣል። በትግራይ አቦ ማይ ይባላል። በቦረና የኤላውን ተራ የሚጠብቀው አባ ሄሬጋ ነው። ይህ ሥርዓት ባለበት ቦታ አዲስ ማፍረሻ ሳይሆን ማጠናከሪያ ነው የሚያስፈልገው።

ከውኃው ይልቅ የሚከብደው ግን የመሬቱ ነገር ነው። ኩሬና ግድብ የሚሠራው ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ዝቅ ያለው ሜዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሙ መሬት ነው። ከግድቡ በታች ያለው ገበሬ ውኃ ያገኛል። በግድቡ ቦታ ያለው ገበሬ ግን መሬቱን ያጣል። አንዱ ሲጠቀም ሌላው ይጎዳል። «ለልማት ነው፣ ይቻል» ብሎ ማለፍ ፍትሕ አይደለም። መሬቱን የሚለቅ ሰው ስሙ ከሥራው በፊት መመዝገብ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ሰው ካሳ የማግኘት መብት አለው። ቅር ቢለውም አቤት ማለት ይችላል። ቀበሌው በራሱ ጉልበት በሚሠራው ትንሽ ኩሬም ቢሆን ከታች ከሚለማው መሬት ድርሻ ሊሰጠው ይገባል። ሁሉ የሚጠጣበትን ኩሬ አንድ ሰው ብቻውን ሊከፍልበት አይገባም።

የጤናም ነገር አለ። የቆመ ውኃ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። በ1991 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በትግራይ ከግድብ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ በወባ ይያዙ ነበር። ስለዚህ ወባ ባለበት አገር ማጠራቀሚያ ከመንደር ራቅ ይላል፣ አጎበር ይታደላል፣ የኩሬው ዳር ይጸዳል። ልጆችና ከብት እንዳይገቡ ኩሬው ይታጠራል። ከብት ከኩሬው ውጭ በገንዳ ይጠጣል። የሰው መጠጥም ተጣርቶ፣ ተፈልቶ ወይም በመድኃኒት ታክሞ ነው የሚጠጣው።

8. ታዲያ ምን እናድርግ?

በቀበሌ ስብሰባ «ኩሬ እንቆፍር» ሲባል እጅ ከማውጣታችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ።

ሀ. ዛሬ ስንት ሰውና ስንት ከብት አለን? ከ20 ዓመት በኋላስ?
ለ. ተፋሰሱ ስንት ሄክታር ነው? ዝናብ ባነሰበት ዓመት ኩሬው ይሞላል?
ሐ. አፈሩ ውኃ ይይዛል? ማን ፈተነው?
መ. በላዩ ያለው ተራራ እርከን አለው? ከሌለው የትኛው ይቀድማል?
ሠ. ትርፍ ጎርፍ የሚወጣበት ማስተንፈሻ አለው? ማስተንፈሻ የሌለው የአፈር ግድብ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ተደርምሶ ከታች ያለውን ሰውና ማሳ ሊጠርግ ይችላል።
ረ. የማን መሬት ይወሰዳል? ምን ይሰጠዋል? መቼ?
ሰ. ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ስለ ቦታው ተጠይቀዋል?
ሸ. ከታች ያለው ቀበሌ ተስማምቷል?
ቀ. ኩሬው ከተሠራ በኋላ ደለሉን ማን፣ በየስንት ጊዜ ያወጣል?

ለእነዚህ መልስ ካልተገኘ ሥራውን ለሚቀጥለው በጋ ማቆየት ይሻላል። በወረዳው ያለው የውኃ ባለሙያና የግብርና ሠራተኛ የሚጠየቁት በዚህ ጊዜ ነው። የዝናቡን ልክና የአፈሩን ነገር በመሣሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጎርፉ በየት እንደሚወርድና የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። እኛ ተማሪዎች ቁጥሩን በክፍል ተምረናል፤ የአገሩን ውኃ ግን ከናንተ የበለጠ አናውቅም። የሁላችን ዕውቀት በአንድ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ነው ዕቅድ የሚባለው።

ማንበብና መጻፍ የምትችሉ ሁሉ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ያዙ። የቀበሌውን ሰው፣ ከብትና ምንጭ ቁጥር ጻፉ። ምንጩ የደረቀበትን ወር ጻፉ። የከርሞውም እንዲሁ ይጻፍ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከማንኛውም ባለሙያ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የውኃ ጎተራ ሦስት ሌቦች የሚባሉት እነማን ናቸው? እያንዳንዱ እንዴት ይከላከሉታል?
2. በቀበሌያችሁ 300 አባወራ ቢኖር፣ በየቤቱ አምስት ሰው ቢሆን፣ ለሰው ብቻ በቀን ስንት ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ያስፈልጋል?
3. ኩሬ የሚቆፈርበት ቦታ የአንድ ጎረቤታችሁ ማሳ ቢሆን ለእሱ ምን ይገባዋል ትላላችሁ? ተወያዩበትና የተስማማችሁበትን ጻፉ።